ሙክቲናት፦ ሁለት ሃይማኖቶች የሚሳለሙት አንድ ደጅ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ዱባይ ስሠራ አንድ ክፍል የምንጋራ ኔፓላዊት ጓደኛ ነበረችኝ። አልጋዋ ራስጌ ላይ ሁለት ትንንሽ ምስሎች ለጥፋለች። አንዱ የሂንዱዎች አምላክ ቪሽኑ ነው፣ ሌላው ቡድሃ። አንድ ቀን "የቱን ነው የምታመልኪው?" አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። ጥያቄው አልገባትም።

በኋላ አገሯ ሄጄ ሙክቲናትን ሳይ፣ ጥያቄዬ ለምን እንዳልገባት ተረዳሁ። ከተመለስኩ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል፤ በተለይ ዓረብ አገር ከኔፓሎች ጋር የሚሠሩ ልጆቻችን። እዚህ የምመልሰው ደጋግሞ የሚመጣውን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙክቲናት የት ነው ያለው?

ሰሜን ኔፓል፣ ሂማላያ ተራሮች ውስጥ፣ ሙስታንግ የሚባል ወረዳ አለ። ሙክቲናት እዚያ ነው። ከፍታው 3,710 ሜትር ገደማ ይሆናል። የሰሜን ተራሮችን የረገጠ ሰው ጨነቅ ካምፕን ያስብ፤ ሙክቲናት ከዚያም ትንሽ ከፍ ይላል። ከጀርባው ቶሮንግ ላ የሚባለው 5,416 ሜትር የሚደርስ የተራራ መተላለፊያ በር አለ። ከፊት ለፊት ደግሞ ዳውላጊሪ በበረዶ ተሸፍኖ ይታያል፤ 8,167 ሜትር ነው።

አገሩ ግን አረንጓዴ አይምሰላችሁ። የአናፑርናና የዳውላጊሪ ተራሮች ከደቡብ የሚመጣውን ዝናብ ያግዱበታል። ስለዚህ መሬቱ ደረቅ ነው፣ ቡናማ ነው፣ ነፋስ የላሰው ነው። ቀኑን ሙሉ በዚህ መሬት ላይ ትጓዙና ድንገት የዛፍ ጥላና የሚንዠቀዠቅ ውሃ ታገኛላችሁ። ሰው ይህን ቦታ ለምን እንደቀደሰው ለመረዳት መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልግም። እዚያ በደረሳችሁበት ሰዓት ይገባችኋል።

የሂንዱዎች ነው ወይስ የቡድሂስቶች?

የሁለቱም። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው "እሺ፣ በመጀመሪያ የማን ነበር?" ይለኛል። እዚያ ያሉት ሰዎች ጉዳዩን እንዲህ አያዩትም።

ለሂንዱዎች የቪሽኑ ደጅ ነው። "ሙክቲ" በሳንስክሪት ከመወለድና ከመሞት ዑደት መፈታት ማለት ነው፤ "ናት" ደግሞ ጌታ። የቪሽኑ አማኞች ዲቪያ ደሳም የሚሏቸው 108 ቅዱሳን ቦታዎች አሏቸው። በምድር ላይ ካሉት ውስጥ ከህንድ ውጭ የሚገኘው ሙክቲናት ብቻ ነው። ለዚህ ነው ከደቡብ ህንድ፣ በረዶ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ አዛውንት፣ ሹራብ ደራርበው ሲንቀጠቀጡ የምታዩዋቸው።

ቡድሂስቶቹ ቹሚግ ጊያትሳ ይሉታል፤ "መቶ ምንጮች" እንደማለት ነው። በእነሱ ትውፊት፣ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ቡድሂዝምን ወደ ቲቤት የወሰደው ጉሩ ሪንፖቼ በመንገዱ እዚህ አርፎ በተመስጦ ተቀምጧል።

ቤተ መቅደሱ ውስጥ ያለው ምስል አንድ ነው። ሂንዱው ቪሽኑ ብሎ ይሰግድለታል። ቡድሂስቱ ቼንሬዚግ ብሎ ይሰግድለታል፤ የርኅራኄው ቡድሃ ማለቱ ነው። ቦታውን በየቀኑ የሚጠብቁት ደግሞ የአካባቢው የቡድሂስት ሴት መነኮሳት ናቸው። የሂንዱ ካህንም አለ። አንዱ ሲቀድስ ሌላዋ ታገለግላለች።

ታዲያ ሁለቱ ሃይማኖቶች አንድ ናቸው ማለት ነው?

አይደለም። ትምህርታቸው ይለያያል። ሂንዱው ስለ ነፍስና ስለ አማልክት የሚያምነውን ቡድሂስቱ በሌላ መንገድ ነው የሚያየው። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ከኔፓል ሕዝብ 81 በመቶው ሂንዱ ነው የተባለው፣ ቡድሂስቱ 8 በመቶ ገደማ ነው። ግን ቆጣሪው የሚጽፈው አንድ ቃል ነው። የቤቱ ኑሮ ከዚያ ይሰፋል። ብዙ ሂንዱዎች ቡድሃን ከቪሽኑ መገለጫዎች እንደ አንዱ ይቆጥሩታል። ካትማንዱ ውስጥ ኩማሪ የምትባለው ሕያው አምላክ የምትመረጠው ከቡድሂስት ቤተሰብ ነው፤ ትንሽ ልጅ ናት። የምትመለከው ግን ታሌጁ የምትባለው የሂንዱ ሴት አምላክ ትገለጥባታለች ተብሎ ነው።

እዚያ ስደርስ ምን አያለሁ?

ራኒፓዋ ከምትባለው መንደር ተነስታችሁ ሽቅብ ትወጣላችሁ። ጉልበት የሌለው በፈረስ ይሄዳል። በየመንገዱ ገመድ ላይ የታሰሩ ባለ አምስት ቀለም ጨርቆች ታያላችሁ፤ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ጸሎት የታተመባቸው ናቸው። ነፋሱ ጸሎቱን ለሁሉም ያደርስላቸዋል።

ግቢው ውስጥ ዋናው ቤተ መቅደስ ትንሽ ነው፤ ጣሪያው ሦስት ደረጃ ነው። ብዙ ሰው "ይህ ብቻ ነው?" ይላል። ዙሩና ከጀርባው ሂዱ። በግማሽ ክብ የተሠራ ግድግዳ አለ። ግድግዳው ላይ 108 የበሬ ራሶች ተደርድረዋል። ከእያንዳንዱ አፍ ውሃ ይወርዳል።

ተሳላሚው ልብሱን አውልቆ ከአንደኛው ጫፍ ይነሳል። ጎንበስ ብሎ ከ108ቱም ሥር ይሮጣል። ውሃው የተራራ ውሃ ነው፤ አናት ላይ ሲወርድ ትንፋሽ ቀጥ ያደርጋል። አንዲት አሮጊት አየሁ። ልጃቸው በአንድ እጁ ክንዳቸውን ይዟል፣ በሌላው ፎጣ ይዟል። እሳቸው አይሮጡም። ከእያንዳንዱ ሥር ቆመው መዳፋቸውን ሞልተው አናታቸው ላይ ያደርጋሉ። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። ልጁ "ይበቃል" የሚል ይመስለኛል። እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሽንቁሩ ሚካኤል ወይም እንጦጦ ማርያም ጸበል ቦታ ቆሞ ያየ ሰው ይህን ፊት ያውቀዋል። እኔ እናቴን ነው ያየሁት።

ከጸበሉ በኋላ ከቤተ መቅደሱ ፊት ሁለት ኩሬዎች አሉ፤ በሂንዱ ሴት አማልክት ስም የላክሽሚና የሳራስዋቲ ይባላሉ። እዚያም ይነከራሉ። 108 ለምን ሆነ ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ የሂንዱውም የቡድሂስቱም መቁጠሪያ 108 ፍሬ አለው።

እሳትና ውሃ አንድ ላይ ይወጣል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ አይቼዋለሁ። ከዋናው ቤተ መቅደስ ትንሽ ወረድ ብሎ ጅዋላ ማይ የሚባል ቤት አለ። ውስጡ የቡድሂስት ጸሎት ቤት ነው። የቅቤ ኩራዞች ይነዳሉ፣ ጭሱ ግድግዳውን አጥቁሮታል። አንዲት መነኩሲት መጣችና ከመሠዊያው ሥር ያለውን መጋረጃ ገለጥ አደረገች። ተንበርክኬ በወንፊቱ ውስጥ አጮለቅኩ። መጀመሪያ ምንም አላየሁም። የውሃ ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ጣት የምታክል ሰማያዊ ነበልባል አየሁ። ከጎኗ ውሃ ይወርዳል።

ከድንጋዩ ስንጥቅ የሚወጣ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ለአማኙ ግን ይህ ማብራሪያ ነገሩን አያሳንሰውም። መሬት፣ ውሃ፣ እሳት፣ ነፋስና ሰማይ አንድ ቦታ ተገናኝተዋል ይላል። እኔም ከጉልበቴ ስነሳ ስለ ጋዝ አላሰብኩም።

ሻሊግራም የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ምንድነው?

ይህን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። ከሙክቲናት ሥር የካሊ ጋንዳኪ ወንዝ ይፈሳል። ወንዙ ውስጥ ጥቁር፣ ክብ፣ ልስልስ ያሉ ድንጋዮች ይገኛሉ። ሲሰነጠቁ ውስጣቸው እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠቀለለ ቅርጽ አለ። ለሂንዱው ይህ የቪሽኑ ምልክት ነው፤ እንደውም ራሱ ቪሽኑ ነው። በቤቱ ያስቀምጠዋል፣ ያጥበዋል፣ አበባ ያቀርብለታል።

ሳይንሱ አሞናይት ይለዋል። ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የባሕር እንስሳ ቅሪት ነው። ባሕር ከየት መጣ? ሂማላያ ከመነሳቱ በፊት ያ ቦታ ቴቲስ የሚባል ባሕር ወለል ነበር። የህንድ መሬት ወደ ሰሜን ገፍቶ ከእስያ ጋር ሲጋጭ ወለሉ ተጣጥፎ ወደ ላይ ወጣ። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ቆማችሁ የባሕር ፍጥረት በእጃችሁ ትይዛላችሁ።

መንገድ ላይ ይሸጡታል። እባካችሁ እንደ ጌጥ አትግዙት። የኛን ታቦት ወይም ጽላት አንድ ቱሪስት ለሳሎኑ ጌጥ ሲገዛ ምን እንደሚሰማችሁ አስቡ።

ካግቤኒ ላይ ለምን ይቆማሉ?

ለሙታን። ካግቤኒ በ2,800 ሜትር ላይ ያለች፣ ሁለት ወንዞች የሚገናኙባት መንደር ናት። ሂንዱዎች ለሞቱ አባቶቻቸው ሥርዓት የሚያደርጉት እዚያ ነው፤ ከዱቄት ወይም ከሩዝ የተድቦለቦለ መሥዋዕት ያቀርባሉ። ተዝካር በሉት። ከመንደሩ መሀል ደግሞ ቀይ የቡድሂስት ገዳም ቆሟል። ከካግቤኒ ወደ ሰሜን፣ ወደ ላይኛው ሙስታንግ ለመሄድ ሌላ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለሙክቲናት ግን እሱ አያስፈልግም።

ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ሆኜ መግባት ይፈቀድልኛል?

ግቢው ለሁሉም ክፍት ነው። ምስሉ ያለበትን ውስጠኛ ክፍል ግን ከደጁ ሆናችሁ እዩ። ጫማ ይወልቃል፤ ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። ሂንዱ ቤተ መቅደስ ውስጥ ቆዳ ይዞ መግባት ነውር ነው። ቀበቶና የቆዳ ቦርሳ ሆቴል ተዉት። ሴቶች በወር አበባ ጊዜ ከቤተ መቅደስ ይርቃሉ፤ ይህም ለብዙዎቻችን የሚገርም አይደለም።

"ኃጢአት አይሆንብኝም?" የሚሉኝ አሉ። ይህን ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለሼኻችሁ ተዉት። እኔ የምለው ማየት መስገድ አይደለም። ግንባር ላይ ቀይ ቲካ ሊቀቡላችሁ ሲመጡ ካልፈለጋችሁ መዳፋችሁን ገጥማችሁ "ናማስቴ" በሉ፤ አይቀየሙም። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። እዚያ ቆማችሁ በአማርኛም ቢሆን "ጣዖት" እያላችሁ አትሳቁ። ቃሉ ባይገባቸውም ሳቁ ይገባቸዋል።

ካትማንዱ ውስጥስ የትኞቹን ልይ?

ሦስቱን አትለፉ። ስዋያምቡ ኮረብታ ላይ ነው፤ 365 ደረጃ ትወጣላችሁ፣ ዝንጀሮዎቹ ከእጃችሁ ምግብ ይቀማሉ። ነጩ ስቱፓ፣ ማለትም ጉልላት የሚመስለው የቡድሂስቶች ቅዱስ ሕንፃ፣ አናት ላይ የቡድሃ ዓይኖች በአራቱም አቅጣጫ ያያሉ። አፍንጫ የሚመስለው ምልክት በኔፓል ፊደል "አንድ" ቁጥር ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ ሃራቲ የምትባል የልጆች ጠባቂ አምላክ ቤት አለች፤ ሂንዱዋም ቡድሂስቷም እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች።

ቡድናት 36 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ታላቅ ስቱፓ ነው። በኤፕሪል 2015ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ጫፉ ተጎድቶ ነበር፤ ተጠግኖ በኖቬምበር 2016 ተከፈተ። ማታ ማታ ሰዉ ይዞረዋል። ስትዞሩ ስቱፓው ሁልጊዜ በቀኛችሁ ይሁን።

ሦስተኛው ፓሹፓቲናት ነው፣ የሌላው የሂንዱ አምላክ የሺቫ ደጅ። ሂንዱ ያልሆነ ሰው ዋናው ቤተ መቅደስ ውስጥ አይገባም። ከባግማቲ ወንዝ ማዶ ሆናችሁ ግቢውን ማየት ትችላላችሁ። ወንዙ ዳር ግን ሬሳ ይቃጠላል። ክፍት ቦታ ላይ፣ ቤተሰቡ እያለቀሰ። ጸጉሩን የተላጨ፣ ነጭ የለበሰ ልጅ የአባቱን እሳት ይለኩሳል። ያንን ቅጽበት በስልካቸው የሚቀርጹ ቱሪስቶች አየሁ። በጣም ነው ያዘንኩት። እኛ ለቅሶ ቤት ገብተን ሬሳው ላይ ስልክ እናወጣለን? ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ። ከተቻለ ትንሽ ቁሙና ሂዱ።

ቪዛውስ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የአብዛኛው አገር ዜጋ ካትማንዱ ኤርፖርት ሲደርስ ቪዛ ይሰጠዋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን ከዚያ ውጭ ነው። አስቀድማችሁ ከኔፓል ኤምባሲ ማውጣት አለባችሁ። ሪያድ፣ አቡዳቢ፣ ዶሃና ቴል አቪቭ ኤምባሲ አላቸው። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደውሉ፤ ሕጉ ሊቀየር ይችላል። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ያላችሁ እዚያው ታገኛላችሁ፤ የ15 ቀኑ 30 ዶላር፣ የ30 ቀኑ 50፣ የ90 ቀኑ 125 ነው። ከዚህ ሌላ የአናፑርና ጥብቅ ክልል መግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ካትማንዱ ወይም ፖክራ በምትባለው ከተማ ይወጣል።

በምን ይኬዳል?

ከካትማንዱ ወደ ፖክራ፣ ከዚያ ሁለት ምርጫ አለ። በትንሽ አውሮፕላን ከሙክቲናት በታች ወዳለችው ከተማ ወደ ጆምሶም 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ በጠዋት ብቻ ነው የሚበሩት፤ ደመና ካለ ይሰረዛል። ስለዚህ አንድ ቀን ትርፍ ያዙ። ሁለተኛው በመኪና ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። መንገዱ ያንገላታል፣ ገደሉም አለ። ግን ከሞቃቱ ሸለቆ ወደ ደረቁ ደጋ አገሩ ሲለዋወጥ የምታዩት በዚህ ነው።

ከፍታው ያመኛል? አዲስ አበባ ነው ያደግኩት።

እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። "ደገኛ ነኝ" ብዬ ከፖክራ ተነስቼ በአንድ ቀን ራኒፓዋ ገባሁ። ፖክራ 800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሌሊት ራሴን እንደ መዶሻ ይመታኝ ጀመር። አስመለሰኝ። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት የነጭ ሽንኩርት ሾርባ አፍልታ አጠጣችኝ። ጠዋት ወደ ካግቤኒ ወረድኩ፣ አንድ ቀን አርፌ ተመለስኩ።

አዲስ አበባ ማደግ ብቻውን አይበቃም። ዓመታት ዱባይ ወይም ዶሃ የኖረ ሰው ደግሞ ሰውነቱ ባሕር ዳርቻውን ለምዷል። ስለዚህ ጆምሶም ወይም ካግቤኒ ላይ ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሩ። ውሃ ጠጡ። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ማስመለስ ከመጣ ወይም እርምጃችሁ ከተዛባ አትከራከሩ፣ ውረዱ። ልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት መጀመሪያ ሐኪሙን ያናግር። በረዶ ውሃው ሥር መግባቱንም እንዲሁ።

መቼ ልሂድ?

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር፣ ወይም ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ። ክረምቱ ከእኛ ጋር ይገጥማል፤ መንገዱ ላይ ናዳ አለ። በኦገስት ሙሉ ጨረቃ ላይ ያርቱንግ የሚባል የፈረስ በዓል ሙክቲናት አካባቢ ይከበራል፤ ከደረሳችሁ እሰዬው ነው። ቀን ስትጠይቁ ግን ተጠንቀቁ፤ እነሱም እንደኛ የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው። እኛ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2017ን ስንቀበል እነሱ በራሳቸው 2081 ላይ ነበሩ። ሰዓታቸው ከኢትዮጵያ በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማል።

ጾም ላይ ብሆንስ?

አይቸግራችሁም። ዳል ባት የዕለት ምግባቸው ነው፤ ሩዝ፣ ቀጠን ያለ የምስር ወጥ፣ አትክልትና አቻር የሚባል የሚያቃጥል ማባያ። ሲያልቅ ይጨምሩላችኋል። "ቅቤ እንዳትጨምሩ፣ ወተትም የለም" ብላችሁ አስረግጣችሁ ንገሩ፤ ቅቤን እንደ ምርቃት ነው ጣል የሚያደርጉት። የሙስታንግ ፖም ደግሞ ሳትቀምሱ አትመለሱ። የበሬ ሥጋ አትጠይቁ፤ ላም ቅድስት ናት።

ለኔፓላዊ የሥራ ባልደረባዬ ምን ይዤ ልምጣ?

ከ108ቱ ምንጮች ውሃ። ሁሉም ተሳላሚ በጠርሙስ ይዞ ይወርዳል፤ እንደኛው ጸበል ማለት ነው። ሻንጣ ውስጥ አስገቡት፣ በእጅ አያሳልፉም።

እኔ ለጓደኛዬ ግማሽ ሊትር አመጣሁላት። ሙክቲናት ሄዳ አታውቅም፤ እናቷ ናቸው የሄዱት። ጠርሙሱን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ትንሽ ብርጭቆ ፈልጋ ቀዳችና ከሁለቱ ምስሎች ሥር አስቀመጠችው። በጣቷ ነክራ ግንባሯን አስነካች። ከዚያ ዞራ አየችኝና "ገባሽበት? በጣም ይቀዘቅዛል አይደል?" አለችኝ።